ጎሚስታ ሀምዱና የአሥር ሳንቲሙ ምድብ

ስለ ጎሚስታ ሀምዱ ደግ ደጉን ብቻ መስማት የሚፈልግ ሰው ካለ ሌላ ጎረቤት ይጠይቅ። እኔ ደመቀ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቦርጫሙን ሰው ቦርጭ የለህም ብዬ ብሰፋለት ሱሪው ነገ እኔኑ ያሳጣኛል። ሀምዱን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ተጎራብቼዋለሁ። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ አውቶቡሱ ከሚዞርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሱ ጎማ ቤት አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የኔ የስፌት መኪና ያለችበት ክፍል። እሱ ጎማ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ የኔ መርፌ ትዘላለች። በሱ መዶሻ ምክንያት ስንት እጅጌ ፈትቼ እንደሰፋሁ ፈጣሪ ይቁጠረው።

ሀምዱ ቋጣሪ ነበር። ቆጣቢ የሚሉት ዘመዶቹ ናቸው። ከነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው ዋጋው ነው፤ ልጅ ተወለደ ሲሉት የአዋላጇን ይጠይቃል፣ ሰው ሞተ ሲሉት የከፈኑን። በተለጠፈ ከመነዳሪ፣ በጎማው የውስጥ ላስቲክ ላይ፣ ደግሞ ይለጥፋል፣ በልጣፉ ላይ ደግሞ ሌላ ልጣፍ ይደርባል፤ አንድ የጅማ መስመር ሾፌር ‹ጎማዬ ውስጥ ከአየሩ ይልቅ ልጣፉ በዛ› ብሎ ሊደበድበው መጥቶ እኔ ነኝ የገላገልኩት። ቤተሰቡን በሙሉ ከአሮጌ ጎማ በቆረጠው በረባሶ ያጫማል፤ ሚስቱ ዘይነባ ሠርግ ስትጠራ ሳይቀር። በምግብ ግን አይታማም። ቤቱ ቆጮና አይብ ጠፍቶ አያውቅም፤ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም።

ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ሁለቱ ወንዶች ከአጎታቸው ጋር መርካቶ ይነግዳሉ፣ አልፊያ እቤት ናት። በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎማ ቤቱ በር ላይ ትቀመጥና የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ የትኛው ጎማው እንደላላ ትናገራለች። አባቷ እንደሚሳሳላት ለማንም አይነግርም፤ እኔ ግን በቆርቆሮው ቀዳዳ ብዙ አይቻለሁ። እሷ በር ላይ ስትቀመጥ መዶሻውን ቀስ ያደርጋል፤ ለኔ መርፌ ያላደረገውን።

የአልፊያ ነፍስ ያለችው ግን እሁድ ከሰዓት በኋላ ላይ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከዳገቱ አናት እስከ ፌርማታው በኩሽኔታ ጋሪ ይወዳደራሉ። ጋሪው ከከባድ መኪና የወለቁ አራት አሮጌ ኩሽኔታዎች፣ ከላያቸው ጣውላ፣ ከፊት በገመድ የሚዞር መሪ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ሲወርድ ጥርስ ያስነክሳል። አልፊያ ጋሪ አልነበራትም። ሰው ጋሪ ትገፋለች፣ የላላ ኩሽኔታ ታጠብቃለች፣ ሦስት ጊዜ የገፋች አንድ ጊዜ ባዶውን ጋሪ ነድታ እንድታወርድ ይፈቀድላታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው የጎሚስታ ልጅ ጎማ ታጣ ነበር። ሀምዱ በ1963 ክረምት ላይ በመጨረሻ ተሸነፈና ለሚመጣው ዓመት ውድድር አስገባሻለሁ አላት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ጎሚስታ ከሆነ ለምን ራሱ አይሠራላትም ይል ይሆናል። አይችልም፤ ጋሽ ቀጄላ አሉ። ጋሽ ቀጄላ በወለጋ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው እግራቸውን ሲታመሙ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ውድድሩን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሀብታም ነጋዴ ለልጁ ጋራዥ ውስጥ ባለ ሞላ ጋሪ አሠርቶ አመጣና ሁሉንም ጥሎ ሄደ፤ አባቶች ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ቀጄላ በሳቸው እጅና በዕቁብ ገንዘብ ካልተሠራ ጋሪ አይሰለፍም አሉ። ኮልፌ ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ ዕቁብ ይጥላል፣ ሦስተኛው ሲመጣ ዳኛ ይመርጣል፤ ስለዚህ ማንም አልተገረመም።

ዕቁቡ ሦስት ምድብ ነበረው። በሽልንጉ ምድብ አንድ ልጅ በሳምንት ሃምሳ ሳንቲም ይከፍላል፣ በስሙኒው ሃያ አምስት፣ በመጨረሻው አሥር ሳንቲም። በየእሁዱ በእያንዳንዱ ምድብ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣው የወጣለት ልጅ በዚያው ገንዘብ የተሠራለትን ጋሪ ተረክቦ ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ ይወዳደራል። ዕጣው ያልወጣለት ቁጭ ብሎ ያያል። ጋሪ መዋዋስ ጠብ ስላመጣ ተከልክሏል። ዳኛው ጋሽ ቀጄላ፣ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ጸሐፊው እኔ።

የዕድሜውም ነገር ነበር፤ ትልልቆቹ እንዳይገቡ። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ስለሌለ ጋሽ ቀጄላ አንድ ባዶ የቢራ ሳጥን አዘጋጁ። ልጁ ሳጥኑ ውስጥ እግሩን አጥፎ ይቀመጣል፣ ከላይ ጣውላ ይጋደምበታል፤ ጉልበቱ ጣውላውን ካነሳ አድጓል፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። ምዝገባ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጋሪ ይዞ ሊሰለፍ ሲል ደግሞ እንደገና ይለካል። ሀምዱ ልጄ የቢራ ሳጥን ውስጥ አትቀመጥም ብሎ ነበር፤ ጋሽ ቀጄላ ቢራው ከተጠጣ ሦስት ዓመቱ ነው ብለው ዝም አሰኙት። አልፊያ ነሐሴ ላይ ስትቀመጥ በጉልበቷና በጣውላው መካከል ሁለት ጣት ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም እንደሆነ ሁላችንም አወቅን፤ እሷ ከሁላችንም ቀድማ።

ያን ነሐሴ ሀምዱ ምድብ ሲመርጥ ያየ ሰው ቤት ሊገዛ ነው ይል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሱ እየዞረ ይጠይቃል። ቅቤ ነጋዴው አብደላ ልጁን ሽልንጉ ውስጥ አስገብቶ ስለነበር ሌላው ሁሉ የድሃ መጫወቻ ነው አለው፤ ሀምዱ በዚህ ተናዶ ሽልንጉን በዚያው ቀን ሠረዘ። ዋጋነሽ ደግሞ ማዞሪያው ላይ ጠላ የምትሸጥ ሴት ነች፤ ስሌት እንደሷ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ልጇን ስሙኒው ውስጥ ከትታለች። ሀምዱን አስቀምጣ በባቄላ ፍሬ እየቆጠረች አስረዳችው፤ ሽልንጉ ውስጥ ዘጠኝ ልጅ፣ ስሙኒው ውስጥ አሥራ ስድስት፣ አሥር ሳንቲሙ ውስጥ አርባ አንድ። ጋሪው ያው ጋሪ ነው፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚከፍለው አራት ብር ገደማ ነው።

«ሳንቲሙን አትይ፣ ሰዉን ቁጠር» አለችው። «አርባ አንድ እሁድ ስንት ወር ነው? ክረምት ከመግባቱ በፊት ያለው ሠላሳ እሁድ ነው። አሥር ሳንቲሙ የሌለው ሰው ምድብ ነው፤ አንተ አለህ።»

ሀምዱ አመስግኖ ባቄላዋን በልቶ ወጣ። አሥር ሳንቲሙን መረጠ። እኔ ዘንድ መጥቶ አልፊያ ሀምዱ ብለህ ጻፍ ሲለኝ ያተረፈ ነጋዴ ፊት ነበረው፤ ዕጣ የአላህ ነው፣ በመጀመሪያው እሁድ ቢወጣላት በአሥር ሳንቲም ጋሪ ያዝኩ ማለት ነው አለኝ። እኔም የዋጋነሽን ስሌት ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ሳልናገር ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ቋጣሪነቱ ሲያቃጥለው ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ራሴን አልወደውም።

ጥቅምት ገባ፣ አስፋልቱ ደረቀ፣ ዕጣ ተጀመረ። በየእሁዱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ጎማ ቤቱ ፊት ይሰበሰባል፣ እኔ የተጠቀለለውን ወረቀት ኮፍያ ውስጥ እበጠብጣለሁ፣ አንድ ሕፃን እጁን ይከታል። አልፊያ ከፊት ትቆማለች። ስሟ አይጠራም። ሕዳርም አለፈ፣ አይጠራም። ታኅሣሥ ላይ የሽልንጉ ምድብ ዘጠኙም ልጆች ጋሪያቸውን ይዘው ጨረሱ፤ የአብደላ ልጅ ወፍራም ቂጡን ይዞ በየሳምንቱ በፊታችን ይወርዳል። ሀምዱ ያን ጊዜ ጋሽ ቀጄላ ዘንድ በጓሮ ሄዶ ወደ ስሙኒው ልዛወር፣ ያለፈውን አንድ ላይ እከፍላለሁ ብሏል። ዕቁብ ከተጀመረ ሰው አይገባበትም አሉት። በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬ በቆርቆሮው በኩል ተረትኩበት፤ መዶሻውን ግድግዳዬ ላይ ወረወረ።

በዚሁ መካከል ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር፤ ማናችንም አላየነውም፣ ወይም አይተን ሌላ ስም ሰጠነው። ረመዳን ያን ዓመት የገባው ጥቅምት ላይ ነበር። አልፊያ ገና ግዴታ የሌለባት ልጅ ስትሆን ሙሉውን ጾመች። እናቷ ደስ አላት። ዒድ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሸዋልን ስድስት ቀን ልጹም አለች፤ ዘይነባ ይህንን ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ አወራች። ከዚያ ሰኞና ሐሙስ። ከዚያ ሰኞ፣ ሐሙስና ሌላም ቀን። የቁርኣን አስተማሪዋ በልጆቹ ፊት አመሰገኗት፤ ጎረቤቷ ሃጂራ የራሷን ልጅ እሷን እያሳየች ትገርፍ ጀመር። ሀምዱ ራሱ አንድ ቀን ከሥራው ቀና ብሎ፣ እንደኔ ያለ ሰው እንዴት እንዲህ ያለች ወልያ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ወለደ አለኝ። እኔ ክርስቲያን ብሆንም እውነት መስሎኝ ነበር። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ ሰው የሚለካ ሰው ነኝ ብዬ የምኮራው እኔ።

መጋቢት ላይ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራው ከነሷ ወደቀ። ዘይነባ ታቅፋ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ድሬሰሩ ዓይኗን ገልጦ፣ ሆዷን ነካክቶ፣ ይቺ ልጅ በሽታ የለባትም፣ ርቧት ነው አላት። ዘይነባ ልትሰድበው ቃጣት፤ የሀምዱ ቤት በሌላው ሁሉ ቢታማ በምግብ አይታማም። ማታ ሾርባ ስታቀርብላት አልፊያ ሦስት ማንኪያ ቀምሳ አቆመች። እናትየው እያለቀሰች ጾሙ ይቅር፣ አላህ ይምርሻል ስትላት ልጅቷ የጾም ነገር አይደለም አለች። ከበላሁ አድጋለሁ፣ ካደግኩ ጣውላው ይነሳል፣ ዕጣዬ ሳይወጣ። ይህንን የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ስትነግረኝ የልጅቷን ድምፅ ሳይቀር እንዳለ አወጣችው።

ሀምዱ በማግስቱ ጎማ ቤቱን ከፍቶ ምንም አልሠራም። አንድ የታክሲ ከመነዳሪ ውሃ በርሜሉ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያየ፣ ለሰዓታት ቆመ። ቀዳዳው ፊቱ ላይ ይንቦቀቦቃል፤ አልለጠፈውም። ባለ ታክሲው ተሳድቦ ሄደ። እኔም መርፌዬ ስላልዘለለች ሥራ አልያዝ አለኝና ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንት ነው ብሎ ነገር መጀመር የለመደ ሰው ያን ቀን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀሚሷን በስንት ጣት ነው ያጠበብከው አለኝ። አራት ጣት አልኩት።

በዕቁብ አንድ ደንብ አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሳይወስድ ችግር የገጠመው ሌላ አባል ተነስቶ፣ ችግሩን በሰው ፊት ተናግሮ፣ ዕጣህን ልቀቅልኝ ብሎ መለመን ይችላል። የለቀቀው ሰው የለማኙ ዕጣ ሲወጣ ይወስዳል። ሀምዱ በትልልቆቹ ዕቁብ ስንት ጊዜ ሰው ሲለምን አይቶ አፍንጫውን ነፍቷል፤ ችግሩን በአደባባይ ከሚያወራ ሰው ሱሪውን ያወለቀ ይሻላል ይል ነበር። ይህንን የሰማን ብዙ ነን።

በሚቀጥለው እሁድ ዕጣው ለሰይፈዲን ወጣ። ሰይፈዲን ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ እሙ ባሏ የሞተባት፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ቆጮ የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት። ልጁ ስሙን ሲሰማ ሁለት እግሩን አንስቶ ዘለለ። ሰው ሊያጨበጭብ ሲል ሀምዱ ከበርሜሉ ላይ ተነሳ። ቆቡን አወለቀ፤ ራሰ በራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

«ጋሽ ቀጄላ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ። «ገንዘብ ነበረኝ። ስሙኒውን መክፈል እችል ነበር፣ ርካሹን መረጥኩ። ልጄ ዕጣዋ ሳይወጣ እንዳታድግ ብላ ምግብ ትታለች። ስድስት ወሯ ነው። እኔ ጾም መስሎኝ እኮራ ነበር።» ከዚያ ወደ እሙ ዞረ። «እሙ፣ ልጅሽ ብዙ ዓመት አለው። የኔዋ የላትም። ዕጣውን ልቀቁልኝ።»

ዋጋነሽ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሀምዱ ግን አላለቀሰም፣ ቆቡን ብቻ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዛል። እኔ ኮፍያውን ከነወረቀቱ ይዤ ቆሜ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው እዚህ ባልቆመ ብዬ አፈርኩ። አልፊያ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ሄዳ ከዘይነባ ኋላ ተደበቀች።

እሙ ዕጣው የልጄ ነው፣ እሱን ጠይቀው አለችው። ሀምዱም ተንበርክኮ ጠየቀው። ሰይፈዲን አፍንጫውን እየጠረገ ብዙ አሰበ። መግፋት ይፈቀድልኛል ወይ አለ። ይፈቀድልሃል ተባለ። ገመዱን ወደ ላይ ስትጎትቱስ እኔ ልያዝ? ትይዛለህ። በረባሶም ልሥራልህ ሲለው ልጁ በረባሶ አልፈልግም አለና ለቀቀ። ጋሽ ቀጄላ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ፤ እጄ ግን እንደ ወትሮው አላማረም።

ጋሪው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ቤተሰቧ ሁሉ ብይ ብሎ ቢለምናት አልፊያ ጣውላው ገና አለ እያለች እፍኝ ከማይሞላ በላይ አልነካችም። ሀምዱ ትሪውን ይዞ ከፊቷ ይቀመጣል፣ ይለምናታል፣ ተቆጥቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ማታ ማታ ራሱም መብላት እንዳቆመ ዘይነባ ነገረችኝ።

የውድድሩ እሁድ ማንም ሰው ቤቱ አልቀረም። ከመነሻው በፊት ሳጥኑ መጣ። አልፊያ ገብታ እግሯን አጠፈች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ትንፋሿን ዋጠች። ጋሽ ቀጄላ ጣውላውን ሲያጋድሙት በአንድ በኩል ከፍ አለ። ከአርባ በላይ ሰው አየው። እሳቸው ጣውላው ላይ ክርናቸውን አሳረፉና፣ ሰውነታቸውን በሙሉ ደገፍ ብለው፣ ስንት ሰዓት ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ሰዓት የለኝም። ዘጠኝ ሰዓት አልኩ። «ገብታለች» አሉ፤ የተከራከረ አልነበረም።

በሷ ተራ አምስት ጋሪ ተሰለፈ። ሰይፈዲን ከኋላ ገፋት። ከዳገቱ አናት ስትነሳ ሁሉንም ጥላ ሄደች፤ መጠምዘዣው ላይ መሪውን የያዘችበትን አያያዝ አይተው ጋሽ ቀጄላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ። ሀምዱ ፌርማታው ጋ ቆሞ ነበር፣ እኔ ከጎኑ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ግን ደሜ የሚባል ሌላ ወፍራም ልጅ ከኋላ እየተንጋጋ መጣና ሦስት እርምጃ ሲቀር አለፋት። ሁለተኛ ወጣች። ጋሽ ቀጄላ እያነከሱ ሲደርሱ፣ ነጂ እሷ ናት፣ ግን ቁልቁለት ላይ የሚሮጠው የጫነ መኪና ነው፣ ይቺ ባዶዋን ናት አሉ። ሀምዱ ይህንን ሰምቶ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ዳር አዞረ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰው እያየው።

አልፊያ ከጋሪው ላይ አልወረደችም። መሪውን እንደያዘች፣ ፊቷ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ጥርሷ ብቻ ይታያል። ሁለተኛ በመውጣቷ የተከፋች መስሎኝ ላጽናናት ጎንበስ ስል እሷ ያየችው አባቷን ነበር። ሰይፈዲን መጥቶ ገመዱን እስኪይዝ ጠበቀች።

«አባ» አለችው፣ «ከእንግዲህ ባድግ ግድ የለም፣ አይደል?»

ሀምዱ እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«እደጊ» አላት።

ከዚያ እጇን ይዞ ማዞሪያው ላይ ወዳለው ምግብ ቤት ገባ፤ ዋጋ ሳይጠይቅ አዘዘ።